የጭነቱ ጌታ ማን ነው? የአራት ሙዝ ጫኝ መርከቦች ታሪክ

የሚበላሽ ዕቃ የሚነግድ ሰው ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንደኛው ሙቀት፣ ሁለተኛው ጊዜ ነው። ቡና፣ ቆዳና የቅባት እህል በመጋዘን ተከማችተው ዋጋ እስኪሻሻል ድረስ ሊቈዩ ይችላሉ። ሙዝ፣ ብርቱካንና አትክልት ግን ከተቈረጡበት ሰዓት ጀምሮ ወደ መበስበስ ይጓዛሉና ባለቤታቸው «ዛሬ አልሸጥም» ለማለት አቅም የለውም። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ ንግድ ዋጋን የሚቈርጠው ብዙውን ጊዜ ያመረተው ገበሬ ወይም የሰበሰበው ነጋዴ ሳይሆን፣ ዕቃውን ሳይበላሽ ከገበያ የሚያደርሰው የማጓጓዣው ጌታ ነው።

ይህን እውነት አጕልቶ የሚያሳይ ታሪክ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳርቻ የበቀለውን የሶማልያ ሙዝ ወደ ኢጣልያ ያመላልሱ ዘንድ የተሠሩት አራት መርከቦች ያሳለፉት ዕድል በቂ ምስክር ነው። ስማቸው ራምብ 1፣ ራምብ 2፣ ራምብ 3ና ራምብ 4 ይባል ነበር። «ራምብ» ማለትም የኢጣልያ መንግሥት የሙዝ ሞኖፖል ድርጅት በኢጣልያንኛ የሚጠራባቸው ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የእነዚህን መርከቦች ነገር በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ የሙዝ ንግድ እንዴት እንደ ተጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። በ1870 ዓ.ም. ሎሬንዞ ዳው ቤከር የተባለ አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ «ቴሌግራፍ» በምትባል ባለሸራ መርከቡ ከጃማይካ 160 ዘለላ ጥሬ ሙዝ ጭኖ፣ 11 ቀን ያህል ተጕዞ፣ በኒው ዮርክ አጠገብ በምትገኘው በጀርሲ ሲቲ በብዙ ትርፍ እንደ ሸጠ ይተረካል። ትርፉ ትልቅ የሆነው ግን ነፋሱ ስለ ረዳው ነው። ነፋስ ቢዘገይ ኖሮ ጭነቱ ወደ ባሕር ከመጣል በቀር ሌላ ዕድል አልነበረውም። ሸራ ለነጋዴ ቀን ቈርጦ ተስፋ ሊሰጥ አይችልምና የሙዝ ንግድ እውነተኛ ንግድ ለመሆን የበቃው በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ከተገኘ በኋላ ነው።

እንፋሎት ጊዜን ድል ቢያደርግም ሙቀት ገና አልተሸነፈም ነበር። ሙዝ የሚቈረጠው አረንጓዴ ሳለ ነው። ከተቈረጠም በኋላ እንደ ሕያው ነገር ይተነፍሳል፤ ራሱም ሙቀት ያወጣል። አንድ ዘለላ በመርከቡ ውስጥ ቀድሞ ቢበስል ከእርሱ የሚወጣው ጋዝ በአጠገቡ ያሉትን ሁሉ ያበስላቸዋል። የጭነቱ ክፍል ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ዝቅ ካለ የሙዙ ልጥ ይጠቍራል፤ ብዙ ከፍ ካለ ደግሞ ሙዙ ወደብ ሳይደርስ በመንገድ ይበስላል። ስለዚህ የሙዝ መርከብ እንደ ሌላው የጭነት መርከብ ተንሳፋፊ መጋዘን ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚዘዋወርባት፣ ቀኗንም ሳታዛንፍ የምትደርስ ፈጣን መርከብ መሆን አለባት።

በማርች 1901 ዓ.ም. «ፖርት ሞራንት» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በማቀዝቀዣ ክፍል የጫነችውን የጃማይካ ሙዝ በብሪስቶል አጠገብ ወዳለው ወደ ኤቨንማውዝ ወደብ አደረሰች። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ በቤልፋስት ከተማ ለዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ «ሳን ሆሴ»፣ «ሊሞን»ና «ኤስፓርታ» የሚባሉ ሦስት የእንፋሎት መርከቦች ከመጀመሪያው ለሙዝ ጭነት ታስበው ተሠሩ። የዚህ ኩባንያ መርከቦች የፀሐዩን ሙቀት እንዲመልሱ ነጭ ቀለም ይቀቡ ስለ ነበር የነጫጭ መርከቦች ጓድ የሚል ስም ወጣላቸው።

እንዲህ ያለች መርከብ ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው፤ ባዶዋን ከቆመችም ኪሳራዋ ከባድ ነው። ስለዚህ መርከቡን የያዘው ኩባንያ እርሻውን፣ ከእርሻው እስከ ወደቡ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድና ወደቡን ራሱን ለመያዝ ፈለገ። በመካከለኛው አሜሪካ የሙዝ ኩባንያ ከመንግሥታት በላይ ኀይል ያገኘው በመሬቱ ስፋት ብቻ አልነበረም። ገበሬው የቈረጠውን ሙዝ የሚጭንለት ሌላ መርከብ ባለመኖሩም ጭምር ነው።

ወደ ሶማልያ ስንመለስ በዚያ የሆነው ነገር መልኩ ቢለይም ሥሩ አንድ ነበር። ኢጣልያ በ1920ዎቹ ዓመታት በመርካ አጠገብ በጀናሌ የሸበሌን ወንዝ ገድባ ለኢጣልያውያን ባለርስቶች ሰፊ መሬት አደለች። ውሃው ከኢትዮጵያ ደጋ ይወርድ ነበር፤ ጕልበቱ ግን በአብዛኛው ከየመንደሩ በግዴታ የሚመጣው የሶማሌ ገበሬ ጕልበት ነበር። በመጀመሪያ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ጥጥ ዋጋው ሲወድቅ ባለርስቶቹ ወደ ሙዝ ተመለሱ።

ነገር ግን የሶማልያ ሙዝ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ከሞቃድሾ ተነሥቶ በአደን ባሕረ ሰላጤ፣ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ በኩል ኢጣልያ እስኪደርስ የሚያስወጣው ወጪ ከካናሪ ደሴቶችና ከአሜሪካ ከሚመጣው ሙዝ ጋር በገበያ ሊያወዳድረው አልቻለም። ነጋዴ ይህን የመሰለ ችግር ሲገጥመው ወይ ወጪውን ይቀንሳል፣ ወይ ሌላ ገበያ ይፈልጋል። የኢጣልያ ፋሽስት መንግሥት የመረጠው ግን ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ገበያውን መዝጋት። በ1935 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት በከፈተበት ዓመት ሙዝ የማስገባቱንና የማከፋፈሉን ሥራ በሙሉ ለመንግሥት ሞኖፖል ሰጠ። ኢጣልያዊው በላተኛም ሞኖፖሉ በቈረጠው ዋጋ ከመግዛት በቀር ምርጫ አልቀረለትም።

አራቱ መርከቦች የተሠሩት ለዚህ ሞኖፖል ነው። በ1937ና በ1938 ዓ.ም. ሁለቱ በጄኖቫ አጠገብ፣ ሁለቱ ደግሞ በሞንፋልኮኔ ተሠርተው ባሕር ገቡ። እያንዳንዳቸው 3,700 ቶን ገደማ ሲሆኑ፣ እንደ ቀደሙት የሙዝ መርከቦች በእንፋሎት ሳይሆን በናፍጣ ሞተር ይሄዱ ነበር። በሰዓት ከ17 የባሕር ማይል በላይ ለመጓዝ ይችሉ ስለ ነበር በዘመናቸው ከፈጣኖቹ የጭነት መርከቦች ተቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ገና ከንድፋቸው በጦርነት ጊዜ መድፍ የሚተከልበት ቦታ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ፍጥነት ለሙዝ ያስፈልጋል፤ የመድፍ መትከያ ግን ለሙዝ ምን ይሠራል? አስተዋይ ነጋዴ የዚህን ንግድ ፍጻሜ ከመርከቦቹ ንድፍ ላይ አስቀድሞ ሊያነበው ይችል ነበር።

ፍጻሜውም አልዘገየም። ኢጣልያ በጁን 10 ቀን 1940 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዞች እጅ ስለ ነበር የሙዙ መንገድ በአንድ ቀን ተዘጋ። ከአራቱ መርከቦች ሦስቱ በቀይ ባሕር በኩል ቀርተው ከምጽዋ ወደብ ተጠጉ። ራምብ 1ና ራምብ 2 መድፍ ተተክሎባቸው የጦር ረዳት መርከቦች ሆኑ፤ ራምብ 4 የሆስፒታል መርከብ ሆነች። ለሙዝ የተዘጋጀው ክፍል ሙዝ ዳግመኛ አላየም።

የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ኀይሎች በየግንባሩ ሲገፉ፣ ምጽዋም እንደማትቈይ ሲታወቅ፣ ራምብ 1ና ራምብ 2 በፌብሩዋሪ 1941 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ለማምለጥ ከወደቡ ወጡ። ራምብ 1 በማልዲቭ ደሴቶች አቅራቢያ «ሊአንደር» ከተባለችው የኒው ዚላንድ የጦር መርከብ ጋር ተገናኘች። በመጀመሪያ የእንግሊዝን ባንዲራ ሰቅላ ለማታለል ሞከረች፤ ቁሚ በተባለች ጊዜ የኢጣልያን ባንዲራ አውጥታ ተኰሰች፤ ጥቂት ደቂቃም ሳይቈይ ተቃጥላ ሰጠመች። ራምብ 2 ጃፓን ደርሳ በኮቤ ወደብ ቆመች። ኢጣልያ በ1943 ዓ.ም. የጦር ስምምነት ባደረገች ጊዜ የገዛ መርከበኞቿ አሰጠሟት። ጃፓኖች ግን አውጥተው በሌላ ስም ሠሩባት፤ በጃንዋሪ 1945 ዓ.ም. የአሜሪካ አውሮፕላኖች በሳይጎን አቅራቢያ አሰጠሟት። ራምብ 4 በኤፕሪል 1941 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ በእንግሊዞች እጅ ገባች፤ እነርሱም በዚያው በሆስፒታል ሥራ አሰማሯት። በሜይ 1942 ዓ.ም. ቍስለኞችን ጭና ወደ እስክንድርያ ስትጓዝ በጀርመን አውሮፕላኖች ተመታ ብዙ ሰው አለቀባት።

የአራተኛይቱ የራምብ 3 ዕድል ከሁሉም ይደንቃል። እርሷ በሜዲቴራኒያን ባሕር በኩል ስለ ቀረች ለጦሩ ስታገለግል ቈየች። በሜይ 1941 ዓ.ም. በቤንጋዚ ወደብ ከእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ በተተኰሰ ቶርፔዶ ግንባሯ ተቈረጠ፤ ሆኖም ሳትሰጥም ቀርታ ተጠገነች። በ1943 ዓ.ም. ጀርመኖች በትሪየስተ ያዟትና በአንዲት ወፍ ስም «ኪቢትዝ» ብለው በባሕር ፈንጂ መጣያነት ተጠቀሙባት። በኖቬምበር 1944 ዓ.ም. በሪየካ ወደብ በአውሮፕላን ቦምብ ሰጠመች። በ1948 ዓ.ም. የዩጎዝላቪያ መንግሥት ከባሕሩ ወለል አንሥቶ አሳደሳትና እንደ ገና በወፍ ስም «ጋሌብ» አላት። በዚህም ስም የመርከበኞች ማሠልጠኛና የማርሻል ቲቶ መጓጓዣ ሆነች። ማርሻል ቲቶ በ1953 ዓ.ም. በቴምዝ ወንዝ ወደ ለንደን የገቡት በእርሷ ነው፤ በዲሴምበር 1955 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለመጐብኘት ቀይ ባሕርን የተሻገሩትም በእርሷው ነው። ቀይ ባሕር አስቀድሞ የሶማልያን ሙዝ ወደ ሰሜን ለማመላለስ ታስባ የተሠራችበት መንገድ ነበረ። በ2009 ዓ.ም. የሪየካ ከተማ ገዝቷት በቤተ መዘክርነት እንድትታደስ አደረገ።

የመርከቦቹ ታሪክ እንዲህ የሚያስደንቅ ሲሆን፣ አንድ ጥያቄ ግን እምብዛም ሲጠየቅ አይሰማም፤ ይኸውም በጀናሌና በጁባ ዳርቻ የቀረው ሙዝ ምን ሆነ የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው። ገዢው አንድ፣ መርከቡ የአንድ፣ መንገዱም አንድ ስለ ነበር፣ ሦስቱ በአንድ ቀን ሲቋረጡ ንግዱ አብሮ ሞተ። ተክሉ አልታመመም፤ ወንዙ አልደረቀም፤ የሰው ፍላጎትም አልጠፋም። የጠፋው የማጓጓዣው ክፍል ብቻ ነበር።

ትምህርቱ በዚያን ጊዜ ተወስዶ ቢሆን መልካም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ያው ሥርዓት ተመልሶ ተተከለ። ሶማልያ ከ1950 እስከ 1960 ዓ.ም. በኢጣልያ ሞግዚትነት በቈየችበት ጊዜ ሙዟ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዋ ሆኖ ሳለ፣ የሚሸጠው ከሞላ ጐደል ለኢጣልያ ሞኖፖል ብቻ ነበር። ከነጻነት በኋላም ሁኔታው ወዲያው አልተለወጠም። በ1963 ዓ.ም. የሙዝ ማከፋፈያ ፈቃድ ጨረታን በሚመለከት በኢጣልያ ትልቅ ቅሌት ተነሣ፤ ሞኖፖሉም በ1960ዎቹ አጋማሽ ተሻረ። የሶማልያ ሙዝ ለ30 ዓመት ያህል የተጠለለበት አጥር ሲፈርስ ከሌላው ዓለም ሙዝ ጋር በዋጋ ፊት ለፊት ተጋጠመ። ጥቂት ሳይቈይ በጁን 1967 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ እስከ 1975 ዓ.ም. ሳይከፈት ቀረ፤ ሙዙም አፍሪካን በደቡብ ዞሮ እንዲሄድ ተገደደ። ለሚበላሽ ፍሬ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

በአንጻሩ የጃማይካ ገበሬዎች የሄዱበት መንገድ ሊታይ ይገባዋል። እነርሱም እንደ ሌሎቹ በትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ መርከቦች ላይ ተንጠልጥለው ይኖሩ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ግን የሙዝ አምራቾች ማኅበር አቋቁመው የሚያዝዙበት የመርከብ መሥመር ያዙ፤ «ጃማይካ ፓዮኒር»፣ «ጃማይካ ፕሮግረስ»ና «ጃማይካ ፕሮድዩሰር» የሚባሉ መርከቦችም ፍሬያቸውን ወደ እንግሊዝ አመላለሱ። ማኅበሩ ችግር አልገጠመውም ማለት አይደለም። በትልቁ ኩባንያ ውድድር ተጨንቆ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከኅብረት ሥራ ማኅበርነት ወደ ተራ የንግድ ኩባንያነት ተለውጧል፤ በ1940 ዓ.ም. ከመርከቦቹ ሁለቱ በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሰጥመውበታል። ነገር ግን የተለየ ጥቅም አገኘ፤ ገበሬው ሌላ የሚጭንለት በማግኘቱ ትልቁም ኩባንያ ዋጋውን እንዳሻው ለመቍረጥ አልቻለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. መጨረሻ ሙዝ ወደ አገሩ እንዳይገባ በከለከለ ጊዜ እንኳ፣ የጃማይካው ሰብል ሳይጫን ቢቀርም በተወሰነ ልክና ዋጋ እንዲገዛ አድርጓል። ድምፁን አስተባብሮ የሚናገር አምራች በክፉ ቀንም የሚሰማው ያገኛል።

በዚህ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። «መንግሥት ግድብ ባይሠራ፣ መርከብ ባያሠራ፣ ገበያም ባይከልል ኖሮ የሶማልያ ሙዝ ከመጀመሪያውም ወደ ኤውሮፓ ባልሄደ ነበር» ይላል። ነገሩ እውነትነት አለው። ጀማሪ ንግድ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ማቀዝቀዣ መርከብን የመሰለ ከባድ ወጪም አንድ ነጋዴ ብቻውን አይችለውም። ነገር ግን ድጋፍና አጥር አንድ አይደሉም። ድጋፍ ነጋዴውን ቀስ በቀስ በራሱ እግር ያቆመዋል፤ አጥር ግን እግሩን ያሰንፈዋል። የሶማልያው ሞኖፖል ከ30 ዓመት በኋላ ሲሻር ከኋላው ያስቀረው ብዙ ገዢ የለመደ አምራች ሳይሆን፣ አንድ በር ብቻ የሚያውቅ አምራች ነበር። ያም በር የተሠራው ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለመድፍም ጭምር ስለ ነበር፣ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋው።

ይህ ነገር ዛሬ ከኢትዮጵያ ፍሬና አትክልት ወደ ውጭ የሚልኩትን ነጋዴዎች በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ኢትዮጵያ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ አብዛኛው የውጭ ንግዷ የሚያልፈውም በጂቡቲ ነው። በአውሮፕላን የሚሄደው አበባ መንገዱን ካገኘ ቈይቷል፤ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ተጭኖ በጂቡቲ በኩል ወደ ኤውሮፓ የሚሄደው አቮካዶ ግን ገና ወጣት ንግድ ነው። ወጣት ንግድ ደግሞ ልማዱን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ገበሬው ችግኙን፣ ነጋዴውም ገዢውን በመፈለግ ሲደክም የማጓጓዣው ነገር «ኋላ ይታሰብበታል» እየተባለ ቢታለፍ፣ ኋላ የሚያስብበት ሌላ ሰው መሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። አንደኛ፣ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነርና የመርከብ ቦታ ፍሬው ከመድረሱ በፊት በውል የተያዘ ይሁን፤ ውሉም መርከቡ ቢዘገይ ወይም ማቀዝቀዣው ቢበላሽ ኪሳራውን የሚችለው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ይናገር። ሁለተኛ፣ የማቀዝቀዣ መጋዘንና የማሸጊያ ቤት አንድ ላኪ ብቻውን ሊያሠራው የማይችል ከሆነ ብዙዎች በማኅበር ያሠሩት፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ቢል እንኳ ሁለተኛ ገዢና ሁለተኛ መንገድ አይታጣ። ሁለተኛው መንገድ በደኅና ቀን ወጪ ይመስላል፤ በክፉ ቀን ግን የንግዱ ሕይወት እርሱ ነው።

እርግጥ ነው፣ ማቀዝቀዣ የሚጠይቀው ወጪና የገንዘብ እጥረት እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ነገር ግን የማጓጓዣውን ነገር ለሌላ መተው ወጪ የማያስወጣ የሚመስለው ሒሳቡ ገና ስላልቀረበ ነው። ለሶማልያ ሙዝ ሒሳቡ መጀመሪያ በጁን 1940 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1960ዎቹ ዓመታት ቀረበ፤ ሁለቱንም ጊዜ የከፈለው መርከቡን ያሠራው ሳይሆን ሙዙን ያመረተው ነበር።

ከአራቱ ራምቦች ተርፋ ለቤተ መዘክርነት የበቃችው መርከብ ዛሬ የምትታወቀው በማርሻሉ ጕዞ ነው። ለሙዝ ተብላ መሠራቷን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ይህም ከጭነቱ ላይ ሥልጣን ያልነበረው የአምራች ድርሻ ምን ያህል እንደ ነበር ያሳያል። ፍሬ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ትገዛኛለህ?» የሚለው ሳይሆን፣ «የሚጭነው ማን ነው? ነገ አልጭንም ቢልስ ማን ይጭንልኛል?» የሚለው ነው።